የነጭ ጥግ

ደብረ ታቦር፣ ጥቅምት 11 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለነስሪን ሙባረክ፣ አዲስ አበባ።

አሰላሙ አለይኪ ልጄ። እንደምን ከርመሻል? እኛ የጉናን ተራራ ከሚያህል ናፍቆት በቀር አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። እናትሽ አጠገቤ ተቀምጣ «ሰላም በላት» ትለኛለች። ሦስት ጊዜ ጻፍሁላት፤ ማንበብ ስለማትችል አሁንም አላመነችኝም።

ይህን ደብዳቤ ማን ጻፈልህ እንዳትዪኝ። ጸሐፊ አልቀጠርሁም። የጻፍሁት እኔ ሙባረክ ነኝ፣ በገዛ እጄ፣ በገዛ እስክሪብቶዬ። የማታ ትምህርቱን ጨርሼ ባለፈው ሳምንት ወረቀቴን ተቀበልሁ። መምህርት አልማዝ በሰው ሁሉ ፊት «ከሠላሳ አራቱ ተማሪ አቶ ሙባረክ አንደኛ ናቸው» አለች። እርግጥ አንደኛ ያለችው በዕድሜ ነው፤ አንቺ ለሰው ስታወሪ እዚያ ላይ አትድረሺ።

በስልክ «አባባ፣ ስልክ እያለ ደብዳቤ ለምን?» ብለሽኝ ነበር። ስልክማ ማንም ያወራል። ጎረቤቴ ሱልጣን እንኳ፣ ሽመናው እንደ ወንፊት የሚያሳየው ሱልጣን፣ ቀኑን ሙሉ ሲያወራ ይውላል። እኔ ሃምሳ ስድስት ዓመት አፍ ብቻ ነበረኝ፤ አሁን እጅ አወጣሁ። ስለዚህ መልስሽን በወረቀት ላኪ። የዳኛቸው መኪና ረቡዕና እሑድ ወደዚህ ትመጣለች፤ ለሱ ስጪው። ፊደሉን ተለቅ፣ ቀለሙን ጠቆር አድርጊው። የእኛ ክፍል ሕግ እንዲያ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ለሸማኔ ማኅበራችን የሠራሽውን ድረ ገጽ አየሁት። የደረጄ ኮምፒውተር ቤት ገብቼ «የልጄን ሥራ ክፈትልኝ» አልሁት። ከፈተው። ሱብሃነላህ! በሰባት ዓመቴ እግሬን የሰደድሁበት የሽመና ጉድጓድ ስክሪን ላይ ወጥቶ ቁጭ ብሏል። እጄም አለች፣ መወርወሪያዬን እንደያዘች። ደረጄን «ያቺ እጅ ይህቺ ናት» ብዬ ከስክሪኑ አጠገብ አስጠግቼ አሳየሁት። አዳሜ ፎቶ ኮፒውን ትቶ እጄን ሲያይ ዋለ።

ግን ሸማኔ ነኝና ካልተናገርሁ ያመኛል። የገጹን መደብ ለምን ሻይ የነካው አስመሰልሽው? ነጭ አድርጊ ብዬሽ ነበር። ፊደሉም ገርጥቷል፤ ጉም ውስጥ የቆመ በሬ ነው የሚመስል፣ ቀንዱን አየሁ ስትዪ ሌላው የለም። ዘንድሮ ደግሞ ነጭ የሚሉት ነገር ሁሉ ይዋሻል። የክር ነጋዴው ኢብራሂም ቢጫ የመታው ማግ ሰጥቶኝ «ወላሂ ነጭ ነው» ብሎ ማለ። ወርውሬለት ወጣሁ። ይኸው ወሩ ሰላምታም የለን።

ገጹን እዚያ ሆነሽ እንዳትነኪው። እንዴት እንደሚቃና ንገሪኝና እኔው አቃናዋለሁ። ፊደል የቆጠረ ሰው እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ያንቺ ነጠላ ድሩ ተወጥሯል፤ ጥለቱን ጥቁር ሰማያዊ ብለሻል፣ ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል።

አባትሽ ሙባረክ
(ይህ ፊርማ ነው። አሻራ ድሮ ቀረ።)


አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ውድ አባባ፣

አሰላሙ አለይኩም። ደብዳቤዎን ከዳኛቸው እጅ ተቀብዬ መንገድ ላይ ቆሜ አነበብሁት፤ ቢሮ ገብቼ ተቀምጬ ደገምሁት። እስከ ዛሬ የአንቱን ድምፅ እንጂ የአንቱን ፊደል አላውቀውም ነበር። «ለ»ዋ እንደ አንቱ ደረቷን ነፍታ ነው የቆመች። የሥራ ጓደኞቼ «ማን ጻፈልሽ?» ሲሉኝ «አባቴ» አልሁ። እንዳዘዙኝም እዚያ ላይ አቆምሁ፣ አንደኛ ስለወጡበት ነገር አላብራራሁም።

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ያዘዙኝን እነግርዎታለሁ። ደረጄ ገጹን ይክፈትልዎት። ቀጥሎ የማውሱን የቀኝ ቁልፍ ይጫኑና፣ ከሚመጣው ዝርዝር መጨረሻ ላይ «ኢንስፔክት» የሚለውን ይምረጡ። ስክሪኑ ለሁለት ይከፈላል፤ በአንድ ወገን ገጹ፣ በሌላው ወገን የተሠራበት ነገር ሁሉ። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው፤ እሱን ደረጄ ያንብብልዎት። አንቱ የሚፈልጓት ጥፍር የምታህል ባለ ቀለም ካሬ ናት። ስትነካ የቀለም ሰሌዳ ትከፍታለች፤ ሰሌዳው ላይ ያለችውን ነጥብ በማውስ እየጎተቱ ቀለም ይመርጣሉ። ከዚያ ወረድ ሲሉ አንዱ ሣጥን ባንዱ ውስጥ የተሳለበት ቦታ ያገኛሉ። ስለሱ አልጽፍልዎትም፤ ሲያዩት ያውቁታል።

ምንም አይሰበርም። አይፍሩ፣ የፈለጉትን ይንኩ።

መደቡ ግን ነጭ ነው አባባ። ከነጭ ሌላ ቀለም አልነካሁበትም።

እማዬን ሰላም ይበሉልኝ። አራተኛ ጊዜም ቢሆን ይጻፉላት።

ልጅዎ ነስሪን


ደብረ ታቦር፣ ኅዳር 3 ቀን 2015 ዓ.ም.

ልጄ ነስሪን፣

ሰላምታውን በኋላ እመለስበታለሁ፤ አሁን ትንፋሼ አልበቃኝም። የጨርቁን ጀርባ አየሁ!

ነጠላ የሚገዛ ሰው ፊቱን ነው የሚያይ። ጀርባውን፣ ክሩ የት ተቋጥሮ የት እንዳለፈ የምናውቀው እኛ ነን። የኮምፒውተር ገጽ ጀርባ ይኖረዋል ብሎ የነገረኝ ሰው የለም። ደረጄ ራሱ ስምንት ዓመት ኮምፒውተር ሲደበድብ ያቺን በር ከፍቷት አያውቅም። «ጋሽ ሙባረክ፣ ይቺን ከየት አወቋት?» አለኝ። «ሰው ያነባል» አልሁት።

ካሬዋን ነካሁ። ቀለም ፈሰሰ። እናትሽ በዕድሜዋ ያልነከረችው ቀለም፣ ገበያው ስም ያላወጣለት ቀለም ሁሉ እዚያ ሰሌዳ ላይ ተኝቷል። ነጥቧን ትንሽ ገፋ ሳደርግ የገጹ ርዕስ ይቀላል፣ ትንሽ ስመልሳት ይጠይማል። ክር ነከርሁ፣ ፀሐይ ላይ አሰጣሁ፣ ደረቀ አልደረቀ የለም። እኔ ጣቴን ሳነቃንቅ እዚያ ማዶ ይለብሳል።

ከዚያ ያልጻፍሽልኝን ሥዕል አገኘሁት። ሣቄ ደረጄን አስደነገጠው። ይህማ ነጠላ ነው! ከውጭ ባዶው፣ ቀጥሎ ጥለቱ፣ ቀጥሎ ከጥለቱ የሚያርፈው ነጭ፣ መካከል ላይ ገላው። ከሸማኔ ቤት ሰርቀው ነው የሄዱ፤ አመስግነውን እንኳ አያውቁም። ጥለቱ አጠገብ 1 ይላል። 12 አድርገው አልሁት ደረጄን። ወዲያው ሰፋ! እኔ ያንን ለማስፋት ሁለት ቀን እጎብጣለሁ።

ጥላውን ልንገርሽ ደግሞ። ከጋቢው ፎቶ አጠገብ ጥላ የሚያወጣ ትንሽ ሰሌዳ አለ። ውስጡ ያለችውን ነጥብ ስትጎትቺ ጋቢው ከገጹ ተነስቶ ብድግ ይላል፣ ጥላውም ከኋላው ይወድቃል። ፀሐይዋን በማውስ ይዤ አንዴ መውጫዋ ወደ ጋፋት፣ አንዴ መግቢያዋ ወደ ጣራ ገዳም ነዳኋት። ጠዋትና ማታ በእጄ ላይ ተፈራረቁ። አስተግፊሩላህ፣ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲይዝ ፈጣሪውን ቢፈራ ነው የሚሻለው፤ እኔም ፈራሁና መለስኋት፣ እኩለ ቀን ላይ አቆምኋት።

የፊደሉን ቀለም ስከፍት ከሥሩ ቁጥርና ሁለት የራይት ምልክት አየሁ። ደረጄ «ፊደሉ ጥርት ብሎ ይነበባል ማለት ነው» አለኝ። ገና ምንም ሳልነካው! አልማዝ እንኳ በአንድ ጊዜ ሁለት ራይት ሰጥታኝ አታውቅም። እኔ ግን ራይቱን አላመንሁትም፤ እንደ ከሰል አጠቆርሁት፣ መጠኑንም እጥፍ አደረግሁት።

ከዚያ ሱልጣንንና ሌሎቹን ሸማኔዎች ጠራሁ። ስድስት ሆነው መጡ።

«እንግዲህ ዓለም በሙሉ የሚያየው ይህን ጥለት ነው» አልሁ።

«ዓለም በሙሉ?» አለ ሱልጣን፣ «ወረታም?»

«ወረታ ምን አላት፣ ቻይናም!»

«ቻይናም የሙባረክን ጥለት?»

«ቆማ ታየዋለች!»

ዝም አለ ልጄ። ሱልጣን ዝም ሲል ሳልሞት አየሁ፤ አልሃምዱሊላህ።

ስለ ነጩ ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ። ነጠላሽ አልቋል፤ ዳኛቸው ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይሰጥሻል። ቀረ ያልሁት ሰላምታ ይኸው፦ ሰላም ለአንቺ ይሁን።

አባትሽ ሙባረክ፣ ፀሐይ ነጂው


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 12 ቀን 2015 ዓ.ም.

አባባ፣

አሰላሙ አለይኩም። በመጀመሪያ አፉ ይበሉኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ደብዳቤዬ ላይ አንድ መስመር ጎድሎኛል።

ያ «የጨርቁ ጀርባ» ያሉት ፓኔል የመሞከሪያ ቦታ ነው። እዚያ ላይ የሚቀይሩት ሁሉ የሚታየው በዚያ ስክሪን ላይ ብቻ፣ ያን ጊዜ ስክሪኑን ለሚያየው ሰው ብቻ ነው። ገጹ ተዘግቶ ሲከፈት የድሮው ይመለሳል። ክሩን ከመሸመንዎ በፊት ጨርቁ ላይ አስደግፈው «እንዴት ይሆን» ብለው እንደሚያዩት ማለት ነው፤ እጅዎን ሲያነሱ ክሩም ይነሳል። እንዲቀር ከተፈለገ እኔ ዋናው ቦታ ላይ ጽፌ ሴቭ ማድረግ አለብኝ። ሥራ የጀመርሁ ሰሞን ግማሽ ቀን የለፋሁበት እንዲሁ ጠፍቶብኝ ሽንት ቤት ገብቼ አልቅሻለሁ፤ ለአንቱ ግን መንገር ረሳሁ። ከሱልጣንና ከሌሎቹ ሌላ ለሰው ሳያወሩ ይህ ደብዳቤ በደረሰ። ስልክ ብደውልም እማዬ «ማኅበር ቤት ነው» ትለኛለች።

ነጠላው ደረሰኝ። በማግስቱ ለብሼው ሥራ ሄድሁ። አላህ እጅዎን ይጠብቅልኝ።

ስለ ነጩ ሌላ ጊዜ ያሉኝን እየጠበቅሁ ነው።

ልጅዎ ነስሪን


ደብረ ታቦር፣ ኅዳር 24 ቀን 2015 ዓ.ም.

ልጄ ነስሪን፣

እንዴት ሰንብተሻል? እኔ እንደተዋረደ ሰው ደህና ነኝ።

ደብዳቤሽ ከውርደቴ ሁለት ቀን ዘግይቶ ደረሰ። በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ተነስቼ ንግግር ሳደርግ ነበር። ሱልጣን ዝም ያለው ለካ ኢንተርኔት የሚከፍት ስልክ እየገዛ ኖሯል። አወጣው፣ ገጹን ከፈተው፣ ለሰው ሁሉ አዞረው። የድሮው ነው። ጥለት የለ፣ ጥላ የለ።

«ሙባረክ፣ ጥለቱ የታለ?»

«ዝጋና ክፈተው» አልሁት።

ዘጋ፣ ከፈተ። የለም። እንደገና ዘጋ፣ ከፈተ። ሰው መሣቅ ጀመረ።

«አይ» አለ ሱልጣን፣ «ቻይና ሄዷል፤ ሲመለስ እናየዋለን።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ስሜ «ቻይና» ሆኗል። መስጊድ ደጃፍ ላይ ጫማዬን ስፈልግ «የቻይና ጫማ ያየ?» ይሉኛል። አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ክሩን አስደግፌ ያየሁትን ሸምኛለሁ ብዬ የፎከርሁ እኔ ነኝ። ሌላ ሸማኔ እንዲህ ቢያደርግ ምን እንደምለው አንቺም ታውቂያለሽ።

አንድ ነገር ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። «ለሚያየው ሰው ብቻ ነው የሚታየው» ብለሽ የጻፍሽው። ሦስት ጊዜ አነበብሁት።

ስለ ነጩ ልንገርሽ። ያን ዕለት ሸማኔዎቹ ሳይመጡ መደቡን ልቃኘው ብዬ ካሬውን ከፈትሁ። ሻዩን ላስለቅቀው፣ ነጥቧን ይዤ ወደ ነጭ ልጎትታት ነው። አልሄደችም። ሰሌዳው ጥግ ላይ ቆማለች። እጄ ነው ብዬ እንደገና ሞከርሁ። ማውሱ ነው ብዬ ደረጄን አስያዝሁት። ደረጄ አየና «ጋሽ ሙባረክ፣ ከዚህ ወዲያ መሄጃ የላትም። ይህ እኮ የነጭ መጨረሻ ነው» አለኝ። «ለአንተ ምን ይመስልሃል?» አልሁት። «ነጭ ነዋ!» አለኝ፣ ቀልድ መስሎት እየሣቀ። እኔም ሣቅሁለት።

እኔ የማየው ሻይ ነው።

አሁን የምጠይቅሽን በደንብ መልሺልኝ። በእናንተ ሙያ ነጭ ከዚያ ጥግ ያልፋል ወይ? ደረጄ የማያውቀው፣ አንቺ የምታውቂው ሌላ ጥግ ይኖራል። አለ በይኝ። ለእናትሽ በስልክ እንዳታነሺባት።

አባትሽ ሙባረክ


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2015 ዓ.ም.

አባባ፣

አሰላሙ አለይኩም። ሌላ ጥግ የለም። አለ ብዬ ብጽፍልዎት ደስ ባለኝ፤ ግን የለም።

አሁን የምነግርዎትን ቀስ ብለው ያንብቡልኝ፤ ፊደሉን የቻልሁትን ያህል አተልቄዋለሁ። በዚያው ፓኔል ውስጥ፣ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ የዓይን ዝርዝር አለ። ገጹ ለደከመ ዓይን፣ ቀለም ለማይለይ ዓይን እንዴት እንደሚታይ ያሳያል። አራት ዓመት ስሠራ ሁለት ጊዜ ያህል ነክቼዋለሁ፤ ያውም ለሥራ ግምገማ። ትናንት የአንቱን የመጀመሪያ ደብዳቤ አጠገቤ ዘርግቼ ከፈትሁት። «ጉም ውስጥ የቆመ በሬ» ይላል፤ ጉም ጨመርሁ። «ገርጥቷል» ይላል፤ አገረጣሁት። ሻዩን ዝርዝሩ ውስጥ ስላጣሁት ራሴ ቀለም ቀላቅዬ በገጹ ላይ ደረብሁበት። አንቱ እንደጻፉት፣ አንድም ሳልጨምር።

ፊደሌን ራሴ ማንበብ አቃተኝ።

ከዚያ የነጠላዬን ፎቶ ከፈትሁበት። አባባ፣ አንድ የደበቅሁዎት ነገር አለ፣ ይቅር ይበሉኝ። ጥለቱ እስከ ግማሽ ድረስ ጥቁር ሰማያዊ ነው። ከግማሽ በኋላ ጥቁር ነው። ሲደርሰኝ አይቼው ነበር፤ ሰማያዊው ክር አልቆብዎት ይሆናል ብዬ ዝም አልሁ። ጉሙንና ሻዩን ስደርብበት ሁለቱ ቀለሞች አንድ ሆኑ። ምንም ልዩነት የላቸውም። ቀለሙ የት ላይ እንደሚለወጥ በጣቴ እያሳየሁ እንኳ አልታይ አለኝ።

አንድ ሰዓት ሙሉ በአንቱ ዓይን አየሁ። እኔን ያስገረመኝ ኮምፒውተሩ አይደለም። በዚህ ዓይን ነው ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ፊደል የለዩት? «ሰ»ንና «ሸ»ን በዚህ ጉም ውስጥ? ለመምህርት አልማዝ ቢነግሯት አንደኛ ያለችዎት በዕድሜ ብቻ አይሆንም ነበር።

ይታከሙ። የዓይን ሞራ ከሆነ ይገፈፋል፤ የጓደኛዬ የሠናይት አያት በሰማንያ ዓመታቸው ተገፍፎላቸው በመርፌ ክር ያስገባሉ። ለእማዬ አልነገርሁም። የሚነግሯት አንቱ ነዎት። «ነጠላውን ላኪና ልፍታው» ካሉም እልካለሁ፤ ለእኔ ግን እንዳለ ይሻለኛል።

ልጅዎ ነስሪን


ደብረ ታቦር፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2015 ዓ.ም.

ልጄ፣

ሰላም ላንቺ። ይህ ደብዳቤ ቀልድ የለበትም፤ ስለዚህ አስቀምጪው፣ ሁለተኛ አታገኚም።

ማየቴ እንደደከመ አንቺ ሳትነግሪኝ ከሁለት ዓመት በፊት አውቄዋለሁ። ለራሴ ግን አምፖሉ ነው፣ ክሩ ነው፣ ኢብራሂም ነው እያልሁ ከረምሁ። ያቺ ነጥብ ጥግ ላይ ባትቆምብኝ ዛሬም ኢብራሂም ነው እላለሁ።

አያትሽን ታስታውሺው ይሆን? ሕፃን ነበርሽ። በመጨረሻ ዘመኑ ሳያይ ነው የሸመነ። መወርወሪያው ድሩን አቋርጦ ሲወጣ በድምፁ ያውቀው ነበር፤ ክር ሲበጠስ ከእኔ ቀድሞ የሚሰማ እሱ። እኔም በገበያ «የእኔ አባት ሳያይ ይሸምናል፣ የእናንተ እያየ ያበላሻል» እያልሁ እፎክርበት ነበር። ሰው ይስቃል፣ እሱም ይስቃል። አንድ ቀን «አባባ፣ ሐኪም ያይህ» አላልሁትም። ለመፎከሪያ ተመቸኝና ተውሁት። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ እናትሽም አታውቀውም።

የማታ ትምህርት የገባሁት ለምን እንደሆነ በስልክ ስትጠይቂኝ «ሱልጣንን ለማናደድ» ብዬሽ ነበር። እውነቱ ሌላ ነው። በሩ እየተዘጋ ነበር። ሳይዘጋ አንድ ጊዜ እንኳ የአንቺን ስም ራሴ ጽፌ ራሴ ላንብበው ብዬ ነው።

አሁን ያደረግሁትን ልንገርሽ። ለእናትሽ ነገርኋት። «እስካሁን የማላውቅ መስሎህ ነው?» አለችኝ። ለካ ሽሮ ወጥና ምስር ወጥ ስታቀርብልኝ ስሙን እየጠራች የምታስቀምጠው ለዚያ ኖሯል። ሰኞ አብራኝ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሟ ልጅ ናት፣ አንቺን የምታህል። በመብራቷ አየችኝና «ሁለቱም ሞራ ነው፤ የቀኙ ይብሳል፣ በሱ እንጀምራለን» አለች። ቀጠሮዬ ጥር 9 ነው።

«ዓይኔ ያያል?» አልኋት። «ብዙው ሰው ያያል» አለችኝ። ብዙው ሰው ማለት ሁሉ ሰው ማለት እንዳልሆነ አሁን የተማርሁ ሰው ነኝ፤ ቃል በቃል ነው የማነብ። ፈርቻለሁ ልጄ። ብርሃኑ ባይመለስስ ብዬ ልምምድ ጀምሬያለሁ። ይህችን መስመር ዓይኔን ጨፍኜ ነው የጻፍኋት። ወደ ጉና ተራራ ብትወጣብሽ ታገሻት። ካነበብሻት ግን ምንም ቢሆን እጽፍልሻለሁ ማለት ነው።

በስልክ ለእናትሽ «እመጣለሁ» ያልሻትን ሰማሁ። አትምጪ፤ አንቺ ፊት ከፈራሁ ፍርሃቴ እውነት ይሆንብኛል። ዱዓ አድርጊልኝ።

አባትሽ ሙባረክ


ደብረ ታቦር፣ ጥር 21 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለነስሪን ሙባረክ፣ የዓይን ዝርዝር ለምታውቅ ልጄ።

እንዴት ነሽ? በስልክ ጠይቀሽ እናትሽ «ራሱ ይጽፍልሻል» ብላ የዘጋችብሽ እኔ አስተምሬያት ነው። አትቆጪ። ይህን በስልክ ልንገርሽ?

ሞራው ተገፍፎ ዓይኔ የታሸገበት ጨርቅ በማግስቱ ሲነሳ መጀመሪያ ያየሁት የሐኪሟን ካፖርት ነው። ዓይኔን አመመኝ። «ምንድን ነው ይህ?» አልኋት። «ምኑ?» አለችኝ። «የለበስሽው።» «ጋውን ነው አባቴ፤ ነጭ ጋውን።» ነጭ! ልጄ፣ እኔ በነጭ ያደግሁ፣ በነጭ ያሳደግሁሽ፣ ነጭን ስንት ጊዜ ለስንት ሙሽራ የሸመንሁ ሰው ነኝ፤ ነጭ እንዲህ ያለ ነገር መሆኑን ረስቼው ኖሬያለሁ። ውጭ ስወጣ ሰማዩ ታጥቦ ተሰጥቷል። እናትሽን አየኋት፤ ሸብታለች። «መቼ ሸበትሽ?» አልኋት። «አንተ ስትፎክር» አለችኝ።

በአራተኛው ቀን ወደ ደረጄ ቤት ሄድሁ። ገጽሽን አስከፈትሁ፣ ፓኔሉን አስከፈትሁ፣ ካሬዋን ነካሁ። ነጥቧ እዚያው ጥግ ላይ ቆማለች። በኅዳር የቆመችበት ቦታ ላይ ናት፣ ንቅንቅ አላለችም። ግራ ዓይኔን በእጄ ከደንሁ፦ ነጭ። ቀኙን ከደንሁ፦ ሻይና ጉም። ግራውን፦ ፊደሉ ሁሉ እንደ ጥቁር ክር ተወጥሮ። ቀኙን፦ በሬው ጉም ውስጥ ገባ። እንዲህ እያደረግሁ ስንት ጊዜ እንደቆየሁ አላውቅም። ደረጄ «ጋሽ ሙባረክ፣ ምን ሆኑ?» አለኝ። «ፓኔሉን ዝጋው፤ እኔ ፊቴ ላይ አለኝ» አልሁት። እንባዬን አይቶ ዞር አለ፣ ጨዋ ልጅ ነው።

ከዚያ ኢብራሂም ዘንድ ሄድሁ። የወረወርሁለትን ማግ አልሸጠውም፤ ከመደርደሪያው ጫፍ ላይ አስቀምጦታል። ጨው ነው የሚመስል።

«ኢብራሂም፣ ማግህ ነጭ ነው።»

«ወላሂ ብዬህ ነበር።»

«ብለኸኛል። አፉ በለኝ።»

«በሰው ፊት ነበር የወረወርህብኝ» አለኝ። እኔም ወደ ገበያው ዞሬ፣ በለመደው ጉሮሮዬ፣ «የኢብራሂም ማግ ነጭ ነው! ዕውሩ እኔ ነበርሁ!» ብዬ ጮህሁ። በቃኝ እስኪል ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። ሱልጣን ሰምቶ መጣ። ምን ሊለኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። አገጬን ይዞ ቀኝ ዓይኔን ትክ ብሎ አየና «ቻይና፣ እንኳን ደህና መጣህ» አለኝ። ከዚህ ሰው ጋር ሠላሳ ዓመት ጎን ለጎን ጉድጓድ ተቀምጬ፣ ፊቱ ላይ የፈንጣጣ ጠባሳ እንዳለበት ረስቼው ነበር።

የግራው ለመጋቢት ተቀጥሯል። ያን ጊዜ ነይ፤ አሁን አልፈራም፣ ብፈራም አታፍሪብኝም።

ስለ ነጠላው ለጠየቅሽኝ፣ አትላኪው። ለደረጄ የላክሽውን ፎቶ በአዲሱ ዓይኔ አይቼዋለሁ። አንቺ ለስላሳ ልጅ ነሽ፣ ግማሽ ላይ ነው አልሽ፤ ከግማሽ በፊት ነው የጀመረ፤ ሁለት ቦታ ላይ ሰማያዊው ተመልሶ ይመጣና እንደገና ይጠቁራል። እጄ መንገዱን ስትፈልግ ነው። ፓኔሉ ላይ ቢሆን በአንድ ንክኪ እመልሰው ነበር። ድርና ማግ ግን አንቺ «ሴቭ» የምትዪው ነገር ነው። እንዳለ ልበሺው።

አሁን አንድ ሥራ አዝሻለሁ። የማኅበሩ ገጽ መግቢያ ላይ እጄ ያለችበትን ፎቶ አንሺና የዚያን ነጠላ ፎቶ አድርጊ። ጥለቱ እስከ ጠርዝ ድረስ ይታይ፤ ጥቁሩም ሰማያዊውም። ጥላ አድርጊለት፣ ፀሐይዋን በጋፋት በኩል አቁሚያት። ከሥሩ «ሙባረክ ሳያይ የሸመነው» ብለሽ ጻፊ፤ አያትሽ ዘንድ ያለብኝን የፉከራ ዕዳ በዚህ እመልሳለሁ። ፊደሉን ተለቅ፣ ቀለሙን ጠቆር አድርጊው፤ በግራ ዓይኔም ላነበው እፈልጋለሁ፤ በዚህ አገር ገና ሐኪም ያላየው ዓይን ብዙ ነው።

በዋናው ቦታ ላይ ጻፊው፣ ሴቭ አድርጊው። ሱልጣን ስልኩን ያውጣ። ይክፈት፣ ይዝጋ፣ እንደገና ይክፈት። አይጠፋም።

አባትሽ ሙባረክ